የመንዝ ሱፍ በቡና ጆንያ ላይ፦ የመንጠቆ ምንጣፍ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት መግቢያ፣ ለገዳዲ

የምሠራው ምንጣፍ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚያ የበለጠ ለጀማሪ ጉራ ነው፤ ያነሰ ደግሞ የሁለት ሰው እግር አያሳርፍም። ቦታውም ከወዲሁ ተወስኗል፦ ከበሩ ወደ ሳሎን የሚያስገባው መተላለፊያ፣ ጫማ የሚበዛበት የሲሚንቶ ወለል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ልሠራ አልተነሣሁም። ሱፍን የመሰለ ለመረገጥ የተመቸ ነገር ይዞ ሰቅሎ ማየት ግፍ ይመስለኛል።

ምንጣፍን በመንጠቆ የመሥራት ሙያ ለአገራችን እንግዳ ነው። ጆንያ በእንጨት ቴላዮ ላይ ይወጠራል፤ የሱፍ ጨርቅ በቀጫጭን ቅዳጅ ይቆረጣል። ግራ እጅ ቅዳጁን ከጆንያው ሥር ይይዛል፤ ቀኝ እጅ መንጠቆውን ከላይ ሰድዶ ቅዳጁን ይለቅምና ቀለበት አድርጎ ወደ ላይ ይስበዋል። ሌላ ቀዳዳ፣ ሌላ ቀለበት። ሥራው ይኸው ነው። ቋጠሮ የለበትም፤ ሙጫም የለበትም። ቀለበቶቹን በቦታቸው የሚያቆማቸው እርስ በርስ መጨናነቃቸውና የጆንያው ክር ነክሶ መያዙ ብቻ ነው። መጀመሪያ ይህን ስሰማ አላመንኩም፤ የጀመርኩትም ባለማመኔ ነው።

የሙያው አገር የካናዳ የአትላንቲክ ዳርቻና የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ነው፤ ኖቫ ስኮሺያ፣ ኒውፋውንድላንድ፣ ሜይን። በፈረንጆች 1850ዎቹ ገደማ ከህንድ ጁት የተሠራ ጆንያ በየቤቱ መግባት ሲጀምር፣ የዓሣ አጥማጅና የገበሬ ሚስቶች ባዶውን ጆንያ አጥበው፣ ከመጣፍ ያለፈውን የሱፍ ልብስ ቆራርጠው ለቀዝቃዛ ወለላቸው ምንጣፍ አደረጉት። እንግዲህ ጆንያው ባዶ፣ ልብሱ አሮጌ፣ መንጠቆው ብዙ ጊዜ የተሞረደ ሚስማር ነበር ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አዲስ አበባ ዳር ላይ የማይገኝ አንድም የለም። ብርዱም ቢሆን አለን፤ ከለገጣፎ ወዲህ ያለውን የኅዳር ንጋት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጥቅምት፣ ከምናለሽ ተራ መልስ

ጆንያ መምረጥ እንዲህ ጊዜ ይወስዳል ብዬ አልጠበቅሁም። ዛሬ በየገበያው የሞላው ከፕላስቲክ የተሠራው ማዳበሪያ ነው። ለእህል ይመቻል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይረባም። ክሩ ልሙጥ ስለሆነ ቀለበቱን አይነክስም፤ በአንድ ጎን ጎትት ቢያደርጉት ረድፉ በሙሉ ተተርትሮ ይወጣል። የሚፈለገው የጁት ጆንያ፣ ማለትም ለውጭ ገበያ 60 ኪሎ ቡና የሚሞላበት ዓይነት ነው። የጁት ክር ጸጉራም በመሆኑ ሱፉን ይዞ አይለቅም።

ሻጩ ከክምሩ ላይ ያገኘውን ሊሰጠኝ ቸኩሎ ነበር። እኔ ግን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣሁ አየኋቸው። ቀዳዳው እኩል የሆነ፣ በጫኝና አውራጅ መንጠቆ ያልተወጋ፣ ውኃ ያልነካው መሆን አለበት። ከዚያ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዤ በጣቶቼ መካከል አጠፍኩት። ሳይለጠጥ ቀጭ ካለ ጁቱ አርጅቷል፤ ላዩ ላይ የሚሠራው ሱፍ ምንም ያህል ቢያምር ከሥሩ ይበሰብሳል። በየሙዚየሙ ያሉ የቆዩ ምንጣፎችን የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፦ ሱፉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጆንያው ያልቃል። «አባቴ፣ ሽንኩርት ሊሞሉበት ነው ወይስ ሊዳሩበት?» አለኝ ሻጩ። ከክምሩ ሥር ያለውን አወጣልኝና ተስማማን።

እቤት ደርሼ በለብታ ውኃ አጠብኩት። ጁት ሲፈተል በቅባት ስለሚርስ አዲሱ ጆንያ ላምባ ላምባ ይሸታል፤ በፀሐይ ላይ ሲከርም ግን ሽታው ይሄዳል። ስፌቱን ተርትሬ ስዘረጋው ለምንጣፉ ብቻ ሳይሆን ለናሙናም ተረፈ።

ጥቅምት ማብቂያ፣ መንጠቆና ቴላዮ

ቴላዮው ቀላል ነው፤ አራት ሞራሌ፣ ማዕዘኑ በብሎን የተያዘ። አናጢው በሚስማር ሊመታው ሲል ከለከልኩት፤ ሲላላ መልሶ መወጠር የሚቻለው የሚፈታ ከሆነ ነው። ጆንያው ሲመቱት እንደ ከበሮ መጮህ አለበት። ከላላ መንጠቆው ክሩን ይዞ ይሄዳል እንጂ ቀዳዳ አይከፍትም።

መንጠቆውን ያሠራሁት ሰንዳፋ፣ መንገድ ዳር ካለ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ነው። ልጁ ወጣት ነው፤ የምፈልገውን በእርሳስ ሥዬ ባሳየው ትንሽ አየኝና «ጋሼ፣ ለምን ኪሮሽ ገዝተው አይገላገሉም? ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ?» አለኝ።

«የኪሮሽ አንገቱ ቀጭን ነው» አልኩት። «እኔ የምፈልገው ጫፉ ቀጥኖ ወደ እጀታው እየወፈረ የሚሄድ ነው። ሲገባ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ሲወጣ ሱፉ ሳይታሽ አብሮት ያልፋል።»

ይህን ሲሰማ ሥራው ጣመው። ወፍራም ሚስማር አግሎ ወገቡን ሾጠጥ አደረገው፤ ጫፉ ላይ በሞረድ አንድ ጎድጓዳ አፍ አወጣለት፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። የአፉን ከንፈር በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ደጋግሞ ነበር የፈተነው። ትንሽ ሸካራ ቢቀርበት ጁቱን እየነጨ ሥራውን ሁሉ እንደሚያበላሽ ሳልነግረው ገብቶታል። እጀታውን ከወይራ እንጨት እኔው ጠረብኩት፤ መዳፍ ውስጥ የሚሞላ፣ እንቁላል ቅርጽ ያለው። ቀጭን እጀታ ጣትን ያደርቃል።

ኅዳር መጀመሪያ፣ ሰልባጅ መካከል

ሱፍ ፍለጋ ኮተቤ ካራ ድረስ ወጣሁ። ሰልባጅ ከተከመረበት ላይ ካፖርት፣ ጉርድ ቀሚስ፣ ሱሪ እየገለበጡ ማየት ነው። ሹራብ አይሆንም፤ ሲቆረጥ ይተረተራል። በድርና በማግ የተሠራ፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው የሱፍ ጨርቅ ነው የሚያስፈልገው። ቀለሙን ወድጄ ያነሣሁት አንድ ወይን ጠጅ ካፖርት ነበር፤ በእጅ ሲዳሰስ ፍጹም ሱፍ ይመስላል። የልብሱ ምልክት ተቆርጦ ወጥቷል።

እዚህ ላይ እጅንም ዐይንንም አለማመን ይበጃል። ከስፌቱ ውስጠኛ ጠርዝ ጥቂት ክር መዝዞ በክብሪት መለኮስ ነው። ሱፍ እሳቱን አይወድም፤ እየተንጨረጨረ ይኮማተርና ክብሪቱ ሲርቅ ይጠፋል። የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ የቀረው ጥቁር ነገር በጣት ሲታሽ ዱቄት ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ግን ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይፈጭም። ወይን ጠጁ ካፖርት ቀለጠ። ሻጯ ወይዘሮ ክብሪት ስጭር ስታይ ደንግጣ ነበር፤ በኋላ ግን ራሷ እያሸተተች «ይኼኛው በግ ነው፣ ይኼኛው ላስቲክ ነው» እያለች ትለይልኝ ገባች። አንድ አመድማ የወንድ ካፖርት፣ አንድ ቡናማ ጉርድና አንድ ቀይ የሴት ጃኬት ይዤ ተመለስኩ።

መጠኑን አስቀድሜ አስልቻለሁ። ቀለበቱ ወደ ላይ ስለሚቆም ሱፉ ከሚሸፍነው ስፋት አራት አምስት እጥፍ ጨርቅ ይበላል። የእኔ ምንጣፍ ከግማሽ ስኩዌር ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ስለሆነ ከሁለት ስኩዌር ሜትር በላይ የሱፍ ጨርቅ፣ በሚዛን ደግሞ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ገደማ ይጠይቃል። ሰው ይህን ሳያሰላ ጀምሮ መሐል ላይ ቀለም ያልቅበታል፤ ያንኑ ቀለም ደግሞ ሰልባጅ ውስጥ ሁለተኛ አያገኘውም።

ገበርና ስፌቱን ከተረተርኩ በኋላ ጨርቁን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጠብኩት። ልብስ ሲሆን የምንፈራው ነገር እዚህ ይፈለጋል፦ የሱፍ ፀጉር ላዩ ቅርፊት ቅርፊት ስለሆነ በሙቀትና በማሸት እርስ በርስ ይያያዛል፤ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ይወፍራል፤ ከዚያ በቀጭኑ ቢቆረጥ ጠርዙ አይዘነጠልም። ቀዩ ጃኬት ቀለሙን ለቀቀ፤ እስኪጠራ ድረስ ለብቻው ማጠብ ነበረብኝ። ከዚያ በክሩ አቅጣጫ ቀጥ አድርጌ ስድስት ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቅዳጅ ቆረጥኩት። ሰያፍ የተቆረጠ ሲሳብ ይበጠሳል።

በነገራችን ላይ፣ ያገኙትን መጠቀም በዚህ ሙያ ውስጥ ነውር ሆኖ አያውቅም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልፍሬድ ግሬንፌል በፈረንጆች 1892 ካናዳ ዳርቻ ላብራዶር ደርሶ ባቋቋመው ተልእኮ ሥር፣ የዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ሴቶች እየሠሩ የሚሸጡት ምንጣፍ ስመ ጥር ሆኖ ነበር። ከጥሬ ዕቃቸው አንዱ ምን መሰላችሁ? የከተማ ሴቶች የጣሏቸው የተቀደዱ የሐር ካልሲዎች፣ እየተነከሩና እየተቆራረጡ። ዛሬ እነዚያ ምንጣፎች ውድ ቅርስ ናቸው።

ኅዳር፣ ናሙና

ካርታ ስነድፍ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ያልተፈተነ መስመር በዋናው ወረቀት ላይ አልጥልም። ስለዚህ ከጆንያው ትርፍ ላይ መዳፍ የሚያክሉ ሁለት ናሙናዎች ሠራሁ። አንደኛው ላይ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ቀለበት አወጣሁ፤ ሁለተኛው ላይ በየቀለበቱ መካከል አንድ ሁለት ክር እየዘለልኩ ሄድኩ።

ከቴላዮው ሲወርዱ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ጥቅጥቅ ያለው ጠርዙ ወደ ላይ ተቆልምሞ ሰሐን መሰለ፤ መሬት ላይ ቢያነጥፉት እግር ያደናቅፋል። የተዘለለው ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ተኛ፤ ከላይ ሲያዩት ጆንያው አይታይም፤ ከሥር ሲያገላብጡት ደግሞ ረድፎቹ ክፍተት እያላቸው በግልጽ ይቆጠራሉ። ሁለተኛውን ጫፉን ይዤ አራገፍኩት፤ አንድም ቀለበት አልወጣም። እንግዲህ መጨናነቅ ያስፈልጋል፤ ልኩ ግን ዐይን ከሚገምተው ያነሰ ነው።

የእጅ ነገር። ሥራውን የሚሠራው የሚታየው ቀኝ እጅ ይመስላል፤ እኔ ግን ሊቁ ግራው ነው እላለሁ። ከሥር ሆኖ ሳያይ ቅዳጁን ይዘረጋል፤ መንጠቆው ሲመጣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያጎርሰዋል፤ ቀለበቱ ሲወጣ ደግሞ በልኩ ይለቃል። አብዝቶ ከለቀቀ ከሥር ትርፍ ጨርቅ ይንጠለጠላል፤ አጥብቆ ከያዘ ቀኝ እጅ አዲሱን ቀለበት ሲስብ የቀድሞውን መልሶ ይነቅለዋል። መንጠቆው ሲወጣ ወደ ኋላ፣ ወደ ተሠራው በኩል ጋደል ማለት አለበት፤ ያን ጊዜ የፊተኛው ቀለበት አይላላም። የቀለበቱ ቁመት የቅዳጁን ስፋት ያህል፣ ማለትም ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቅዳጁ መጀመሪያም መጨረሻም ወደ ላይ ይወጣና ከቀለበቶቹ እኩል በመቀስ ይከረከማል፤ ከሥር ጫፍ አይተውም። ከሥር አንዱን ረድፍ በሌላው ላይ አሻግሮ መውሰድም አይፈቀድም፤ በላዩ ሲረገጥ ቶሎ የሚያልቀው ያ የተሻገረው ነው።

ኅዳር ማብቂያ፣ ከእማማ ጋር

ሰልባጁን ስቆራርጥ ያዩ የሰፈራችን እናት፣ የመንዝ ተወላጅ ናቸው፣ አጥር ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። በኋላ «የፈረንጅ በግ ነው እንዴ የሚሻልህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤታቸው ገባሁና እስከ ማታ አልወጣሁም።

እማማ ዛሬም በየዓመቱ ከአገር ቤት ሱፍ ይላክላቸዋል። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ላቱ ወፍራም፣ ፀጉሩ ሸካራ። በዚያ ከፍታ ላይ ሰው ያለ ሱፍ መኖር አይችልም፤ የመንዝ ባና ስሙ የተጠራውም ከዚያው ብርድ የተነሣ ነው። ያን ሱፍ ለማሻሻል ተብሎ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው የአዋሲ በግ በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል ቆይቷል። እማማ ግን ነባሩን ነው የሚያምኑት።

ሱፉን ሰሌን ላይ ዘርግተው በእጃቸው ይለዩት ጀመር። የትከሻው ለብቻ፣ የታፋው ለብቻ፣ ከጭቃና ከእሾህ ጋር የተያያዘው ወደ ውጭ። የትከሻውን በጣቶቼ መካከል ሳሸው ልስልስ አለኝ፤ የታፋው ግን ረጅም፣ ወፍራም፣ የሚኮሰኩስ ነው። አንዳንዱ ፀጉር ከጅራት የተነቀለ ይመስላል።

«ይኼ የታፋው ይጎረብጣል» አሉ። «ባና ውስጥ ሲገባ ሰው አንገት ላይ ያሳክካል፤ እኔ ከጥንትም አልወደውም። አንተ ለምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ለወለል ነው፣ እማማ።»

«ለወለል!» ብለው ሳቁ። «ባና ለሰው ገላ ነው እንጂ ለጫማ ይነጠፋል እንዴ? በል ትርፍራፊውን ውሰድ ብልህ ቅር እንዳይልህ።»

«ትርፍራፊውን ነው የምለምንዎት።»

«ትርፍራፊ የሚባል ሱፍ የለም» አሉ ወዲያው፣ ራሳቸው ያሉትን ረስተው። ከዚያ የታፋውን ሁሉ ጠቅልለው በእንቅብ ሰጡኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ለገላ የሚፈለገው ቀጭኑ ሱፍ ነው፤ የዓለም ሱፍ ነጋዴም ቀጭኑን ለልብስ ይገዛል፤ ወፍራሙን ደግሞ ለምንጣፍ። ወፍራም ፀጉር ሲረገጥ ተመልሶ ይቆማል፤ ቀጭኑ ይተኛል። የመንዝን ሱፍ ሸካራ ነው እያልን ስንተቸው የምንለካው በአንገታችን ነው፤ በእግራችን ለክተነው አናውቅም። የኖቫ ስኮሺያዋ የሼቲካምፕ መንደር ሴቶችም ምንጣፋቸውን የሚሠሩት በጨርቅ ቅዳጅ ሳይሆን በሱፍ ክር ነው። እንግዲህ ክር ይሆናል ማለት ነው። ሐሳቤን በዚሁ ለወጥኩ፦ ዳራው ግማሹ ከሰልባጅ፣ ግማሹ ከመንዝ ክር። ጎን ለጎን ሆነው ይረገጡና እናያለን።

እማማ ሱፉን በለብታ ውኃ አጠቡት፤ ሳያሹት፣ ወደ ውኃው ጫን ብቻ እያደረጉ። ቅባቱ በሙሉ እንዳይወጣ ይጠነቀቃሉ፤ ደርቆ የተንቋቋ ሱፍ እጅ ላይ አይፈተልም ይላሉ። ሲደርቅ በደጋን ነደፉት፤ የተጠቀለለው ሁሉ ተበትኖ ሰሌኑን ሞላ። ከዚያ እንዝርት። ክሩን አወፍረው አወጡትና ሁለቱን አንድ ላይ አከረሩት፤ ምክንያቱም ነጠላው በመንጠቆው አፍ ላይ እየተሰነጠቀ አስቸግሮኝ ነበር። ድርቡ ግን ሳይበተን ይወጣል። ነጩንና ጥቁሩን እንዳለ ተቀበልኩ፤ በጉ ያቀለመውን መልሶ ማቅለም አላስፈለገም።

ታኅሣሥ፣ ንድፍ

በፈረንጆች 1868 ኤድዋርድ ሳንድስ ፍሮስት የተባለ የሜይን ሰው፣ ከቤት ቤት እየዞረ የቆርቆሮ ዕቃ የሚሸጥ፣ የምንጣፍ ሥዕል በጆንያ ላይ የሚያትምበት የብረት ቅርጽ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። አበባ፣ ውሻ፣ አንበሳ። ጥሩ ነጋዴ ነበር፤ ሥዕል የማይችለውም ሰው ምንጣፍ እንዲሠራ አድርጓል። ቢሆንም ከዚያ በፊት እያንዳንዷ ሴት የራሷን ድመት በከሰል ትሥል ነበር፤ እነዚያ እግራቸው የተጣመመ ድመቶች ለእኔ ከታተመው አንበሳ ይበልጡብኛል።

ወዳጆቼ ንድፉን የጥበብ ቀሚስ ጥለት አድርገው አሉኝ። አልተስማማሁም። የጥለት ውበት የሚመነጨው ከሸማው ነው፤ ድርና ማግ በማዕዘን ስለሚገናኙ መስቀሉም ሰያፉም ከዚያ ይወለዳል። መንጠቆ ግን ወደ ፈለገበት ይዞራል፤ ክብ ይሠራል፣ ይጠማዘዛል። ያን ነፃነት ይዞ የሸማኔን ገደብ መኮረጅ ሁለቱንም ሙያ ማሳነስ ነው። ስለዚህ ሙክት ሣልኩ፤ በጎኑ የቆመ፣ ላቱ የተንዠረገገ የመንዝ ሙክት። የጎረቤት ሕፃን መጥታ «ጋሼ፣ ይኼ ጀበና ነው?» አለችኝ። ቀንዱን አሳደግሁት።

ለጠርዙ ቀጥታ መስመር ማስመሪያ አያስፈልግም። እርሳሱን በሁለት የጆንያ ክሮች መካከል ባለው ቦይ ውስጥ አስገብቶ መሳብ ነው፤ ክሩ ራሱ ይመራዋል። በማስመሪያ የተሰመረው ክሩን ሰያፍ ከቆረጠው ምንጣፉ ሲያልቅ ጠማማ ይሆናል።

ታኅሣሥ፣ ቀለም

ቢጫ አነሰኝ። ከሰፈር ምግብ ቤት የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ በፌስታል ለመንኩ። ሱፉን መጀመሪያ በአሉም ውኃ ውስጥ ማቆየት፤ መጠኑ ከደረቁ ሱፍ ክብደት አሥር በመቶ ገደማ። ከዚያ የልጣጩን ውኃ አጥልሎ ሱፉን መክተትና አንድ ሰዓት ያህል ሳይፈላ በዝግታ ማሞቅ፤ ከዚያ እዚያው ድስት ውስጥ እስኪበርድ መተው። ከእሳት አውጥቶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚጨምረው ሱፉን ያኮማትረዋል። ወርቃማ ወጣ፣ ወደ ዝገት የሚያደላ። እርድ ይበልጥ ይደምቃል፤ ግን ፀሐይ ይነጥቀዋል፤ ለመተላለፊያ አልታመነበትም።

ጥር፣ መብራት በሌለበት

ለዚህ ሥራ መብራት ግድ አይደለም፤ ማታ ማታ በሻማ መሥራት ይቻላል፤ ከጥቁሩ ክር በቀር። ጥቁሩን ለቀን አቆየዋለሁ።

የሙክቱ ዙሪያ መስመር በመጀመሪያ ይሠራል፤ ከዚያ ውስጡ፤ ከዚያ ወዲያውኑ በውጭ በኩል አንድ ረድፍ ዳራ፤ ይህ ረድፍ ካልተጨመረ ቅርጹ ሲሠራ እየተገፋ ይበላሻል። ዳራው የሙክቱን ጎን ተከትሎ ረድፍ በረድፍ እየሰፋ ይሄዳል። እዚህ ላይ ዕድሜ ልኬን የሠራሁትን ሥራ አገኘሁት፤ በካርታ ላይ ተራራን የሚከቡ የከፍታ መስመሮች ማለት ነው። ላቱ አጠገብ ይጠጋጋሉ፤ ሜዳ ላይ ይራራቃሉ። ከሁሉ ያስደሰተኝ ክፍል ይህ ነው፤ ደጋግሜ ቆሜ አየዋለሁ።

የሰልባጁ ዳራ በግራ፣ የመንዙ ክር በቀኝ። አመድማው ካፖርት ዐይን ላይ ይለሰልሳል፤ የመንዙ ነጭ ግን ውስጡ ጥቁርም ቡናማም ፀጉር ስላለበት ይንቀሳቀሳል። ጠርዙ ቀይ ነው።

የካቲት መጀመሪያ፣ ማጠናቀቂያ

ከቴላዮው ወረደ። ተገልብጦ፣ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት በከሰል ካውያ ተተኮሰ፤ ካውያው ሳይጎተት ይነሣል ይቀመጣል፤ ዋናው እንፋሎቱ ነው። ቀለበቶቹ አበጥ ብለው እርስ በርስ ተያያዙ። ዙሪያውን የተተወው ጆንያ በገመድ ላይ ወደ ኋላ ታጥፎ በሱፍ ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ ተጠመጠመ፤ ከኋላ ደግሞ በአቡጀዲ ጥብጣብ ቀመቀምኩት። ምንጣፍ መጀመሪያ የሚሞተው ከጠርዙ ስለሆነ እዚህ ላይ አልሰሰትኩም።

እማማ መጥተው አዩት። «በሉ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ በጉን አትርገጡት» አሉ ለልጄ፣ እኔን እንዳልሰማ አድርገው። መሬት ላይ አነጠፍኩት። ጫማቸውን አውልቀው አለፉበት።

መጋቢት

አልፈን አልፈን ተመላልሰንበታል፤ ጭቃም አግኝቶታል። ይደርቅና ይራገፋል፤ ቀሪው በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል። ውኃ ውስጥ መንከር ክልክል ነው፤ ጁቱ አይወደውም። ብል እንዳይገባበት በየሳምንቱ ገልብጬ ፀሐይ አስመታዋለሁ፤ ብል የሚፈልገው ጨለማና ጸጥታ ነው፤ መተላለፊያ ላይ ሁለቱም የሉም።

ፍርዱ እነሆ። በግራ በኩል፣ ሰው በሩን ከፍቶ መጀመሪያ በሚረግጥበት ቦታ፣ የካፖርቱ ቀለበቶች ተኝተዋል፤ በጣት ቢያነሷቸው መልሰው ይተኛሉ፤ ላያቸውም ማብረቅረቅ ጀምሯል። በቀኝ በኩል የመንዙ ክር እንደተሠራ ቆሟል። በመዳፌ ጫን ብዬ ስለቀው ይመለሳል። በእርግጥ እኩል አልተረገጡም ሊባል ይችላል፤ ለዚህም ምንጣፉን አዙሬ አነጠፍኩት፤ የመንዙ ወገን ከበሩ ፊት ቆየ። አሁንም ቆሟል።

የሚቀጥለው 70 በ120 ይሆናል፤ ዳራው በሙሉ የታፋ ሱፍ። ጥቁሩን ከሸኖ ገበያ፣ ነጩን ከእማማ እወስዳለሁ፤ ክፍያውን በኪሎ ተነጋግረናል፤ የትከሻውን አልነካባቸውም። ሰልባጅ ለጠርዙ መስመርና ለሙክቱ ዐይን ብቻ ይቀራል። አናጢው ረዘም ያለ ሞራሌ ቆርጦልኛል፤ ብሎኑ የድሮው ነው።